ጽዋው ያለበት ቤት

ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ የቆየ ልማዴ ነው። ፊት የተቀመጠ ይጠየቃል፤ መሀል የተቀመጠ መውጫ ያጣል፤ በር አጠገብ የተቀመጠ ግን ሆዱን የያዘው መስሎ ውልቅ ይላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ያተረፍኩት ጥበብ ቢኖር ይኸው ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ወዳጄንም እጁን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ፊት ከተቀመጠ እንደሚናገር አውቃለሁ፤ እንዲናገር ደግሞ አልፈልግም።

ወዳጄ የእንስሳት ሐኪም ነው። ተወልዶ ያደገው መካነ ብርሃን ነው። እዚያው ጃናሞራ ውስጥ ብዙ ዓመት የገበሬ ከብት ሲያክም ቆይቶ ወደ ጎንደር ከተዛወረ ጀምሮ በአንድ ግቢ እንሠራለን። ጠባዩን ያበላሸው ሥራው ይመስለኛል። ገበሬ በሬው ይዳን አይዳን ነው ማወቅ የሚፈልገው፤ ማለባበስ አይወድም። ወዳጄም ለሰውም ለሹምም እንደዚያው ነው የሚናገረው። እኔ በአንጻሩ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ያደግሁት አዘዞ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ነው፤ እጅ ነሥቶ ዞር ማለትን ከፊደል ጋር ነው የተማርኩት። ቢሆንም ሁለታችንም አዘዞ እንኖራለን፤ በአንድ ሚኒባስ ፒያሳ እንወጣለን፤ ከሁሉም በላይ የሚካኤልን ጽዋ አብረን እንጠጣለን። የጽዋ ወንድም ከሥጋ ወንድም አያንስም ይባላል። እኛም ደጋግመን ስንለው ኖረናል፤ አንድ ቀን እንፈተንበታለን ብለን አላሰብንም።

ሰብሳቢው ከበላይ የተላኩ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "ዛሬ በነፃነት ተናገሩ። ማንም በተናገረው አይጠየቅም" አሉ። እንዲህ ሲባል ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። ዝም አይነቅዝም። አንዱ ተነሥቶ ስለ ሽንት ቤቱ ውሃ ጠየቀ። አንዷ ስለ ሰርቪስ መኪና ጠየቀች። ሰብሳቢው ሁለቱንም "ጥሩ ጥያቄ ነው" እያሉ አስጻፉ። እኔ ሻይ መቼ እንደሚመጣ ሳሰላስል አጠገቤ ያለው እጅ ወደ ላይ ወጣ።

የኮቱን ጫፍ ያዝ አድርጌ ጎተትኩት። እሱ ብድግ ሲል የኔም እጅ አብሮ ብድግ ሊል ሆነ፤ ለቀቅሁት።

"የሥራ ባልደረባችን ከቤቱ ከተወሰደ ሁለት ወር አልፎታል" አለ። "ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሚስቱ የት እንዳለ አታውቅም። ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ነው ይባላል። የጻፈው ጥፋት ከሆነ ዳኛ ፊት ይቅረብና ይፈረድበት። ካልሆነም ይፈታ። በነፃነት ተናገሩ ስላላችሁን ነው የምጠይቀው። ሰውዬው የት ነው?" ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እጁንም አላወራጨም። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰባኪው ቃሉን ጨርሶ ገና ከቆመበት ሳይወርድ የሚሆነው ጸጥታ። ያጠፋኝ ያ ጸጥታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ቆሞ እውነት ተናግሮ ሲቀመጥ የሚመለስለትን አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው። አፌ እኔን ሳያማክረኝ፣ ያውም ጮክ ብሎ፣ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን!" አለ።

ከስብከት በኋላ የሚባለውን፣ በመንግሥት አዳራሽ!

የሳቁ ነበሩ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ደረቀ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። "ይኼ ድምፅ የማን ነው?" አሉ። "ሰንበት ትምህርት ቤት መሰላችሁ እንዴ? የማን ነው?" ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ እስክሪብቶዋን አንሥታ ትጠብቃለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማ ክር ማሰር ጀመርኩ። በዙሪያዬ የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ፤ አንድም ሰው አንገቱን አላዞረም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ወዳጄም ፊት ለፊቱን እንዳየ ነው። ሰብሳቢው በመጨረሻ "ጥያቄው ተይዟል" ብለው ወደ ሌላ አለፉ።

ስንወጣ ወዳጄ ትከሻዬን ይዞ እየሳቀ "ድቁናህን ባትተው ይሻልህ ነበር" አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ተናድጄ ነበር። "አንተ ልጆች የሉህም እንዴ?" አልኩት። "ስላሉኝ ነው" አለ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎችና ሁለት ፖሊሶች ቤቱ ሄደው "ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ወሰዱት። እሱ እንኳ የጠየቀው አንድ ብቻ ነበር።

የኔ ጉድ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ዐሥራ አራት ነን። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ቀን ተራው የደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን፤ የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ ዳቦው ለዐሥራ አራት ይቆረሳል። የቀረ ሰው ቢኖር ድርሻው አይበላበትም፤ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ማሳረጊያው ላይ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ከአባታችን እጅ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ጽዋው እስከ ወሩ እሱ ዘንድ ያድራል። ባለፈው ወር የተቀበለው ወዳጄ ነበር። ወዳጄን ሲወስዱት ጽዋው በቀይ ጨርቅ እንደተሸፈነ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ ደግሞ፣ ማለትም አባላቱን የሚሰበስበውና ስማቸውን በደብተር የሚይዘው፣ እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ስም ከነስልኩ፣ በኔ እጅ ጽሑፍ።

ያን ሰሞን የሠራሁትን ሁሉ ብናገር ሰው ያፍርብኛል። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል ስለተባለ ከወዳጄ ጋር ጥምቀት ለት የተነሣነውን ፎቶ አጠፋሁ። ሁለታችንም ነጭ ለብሰን ጥርሳችንን ያሳየንበት ፎቶ ነው። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩን ፋቅሁ፤ ፍቄ ስጨርስ ቁጥሩን በቃሌ እንደማውቀው ታወሰኝ። ፒያሳ ማኪያቶ እንጠጣበት የነበረውን ቤት ትቼ በማዶ መንገድ ማለፍ ጀመርኩ። መዝገብ ቤት ውስጥ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከመደርደሪያው ጀርባ ዞር እላለሁ። አንድ ባጃጅ ሁለት ቀን ተከታትሎ በራችን ላይ ሲቆም ባየሁ ጊዜ ምሳዬን መብላት አቃተኝ፤ ባለ ባጃጁ የጎረቤታችንን ሠራተኛ ሊያገባ ኖሮ ነው። ደብተሩን አባቴ ትቶልኝ በሄደው ዳዊት ማኅደር ውስጥ፣ ከዳዊቱ ጀርባ ወሸቅሁት።

ሚስቴ ሁሉንም ታያለች። "ምነው አንተ ሰውዬ፣ ሳይወስዱህ አለቅህ እኮ" ትለኛለች። እሷ ስትቀልድ እኔ እቆጣለሁ። ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ድምፄ ውጭ ተሰምቶ ይሆን እያልኩ በመስኮት አያለሁ።

ማኅበሩ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጎረቤታችን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። ቀበሌ ነው የሚሠራው፤ ልጁ ከልጄ ጋር ይማራል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግባ ብለው አልገባም አለ።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የመጣሁ። የዚህ ወር ማኅበር ቢተላለፍ ሸጋ ነው። ሰብሰብ ማለት ለጊዜው እንደተከለከለ ያውቃሉ።"

"የሚካኤል ጽዋ እኮ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ፤ እናቴም ትጠጣለች። ቤቱ ነው ችግሩ። ያን ቤት ያዩታል።" አንገቱን ዝቅ አደረገ። "የአባላቱን ስምም ጽፈው ቢሰጡኝ። ለጥንቃቄ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።"

"እፈልገዋለሁ፤ ደብተሩ የት እንደገባ እንጃ" አልኩ።

ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰ። "አዳራሽ ውስጥ ቃለ ሕይወት ያሰማልን ያለውን ሰውዬ እየጠየቁ ነው አሉ። እርስዎ በር አጠገብ ነበሩ፣ አይደል? አልሰሙም?"

"ጆሮዬ ደከም ብሏል" አልኩት። በእውነትም በዚያች ደቂቃ የምሰማው የራሴን የልብ ምት ብቻ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያቺ ቃል ከአፌ ከወጣች በኋላ ያለኔ ከተማውን እየዞረች ነበር፤ ቢሮ ለቢሮ፣ ቀበሌ ለቀበሌ ባለቤቷን እየፈለገች። እኔ ደግሞ እንዳታገኘኝ እደበቃለሁ።

አባላቱ መምጣት ጀመሩ፤ ለማኅበሩ አይደለም፣ ላለመምጣት ሊነግሩኝ። አንዱን ቁርጥማት ይዞታል። አንዱ ባሕር ዳር የታመመ አለው። አንዱ ግን ፊት ለፊት "ልጆች አሉኝ፤ እፈራለሁ" አለኝ። እሱ ላይ ነው የበለጠ የተናደድኩ። እኔ ልለው ያሰብኩትን ቀድሞኝ ስለተናገረ ነው።

በመጨረሻ ሥርዓቱ ራሱ መውጫ የሰጠኝ መሰለኝ። ባለ ተራው ቢታመም ወይም ሐዘን ቢገባበት ሙሴው ሄዶ ጽዋውን ያነሣና ለሌላ ያዛውረዋል፤ ስንት ጊዜ አድርገነዋል። ወዳጄ ታስሯል፤ እስር ከሕመም በምን ያንሳል? ጽዋውን አምጥቼ ቤቴ አስቀምጣለሁ፤ ማኅበሩ "ለጊዜው" ይቆያል፤ የቀበሌውም ሰው ደስ ይለዋል፤ ማንም ማንንም አልከዳም። ይህን አስቤ የዚያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። ከታሰረ ወዲህ ገና መሄዴ ነበር፤ ይህንንም ልናገር። አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ የወዳጄ አባት ናቸው። የልጃቸው ማኅበር ነው ብለው ጌሾውን ከገብሱ ጋር ሰብስበው ከመካነ ብርሃን በደባርቅ አድርገው፣ ኬላ በኬላ እየተፈተሹ ወርደዋል። "አያ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አልኳቸው። ተነሥተው ሳሙኝ። "እሰይ፣ ወንድሙ መጣ!" አሉ። ውሃ ሆንኩ።

ሚስቱ ከጓዳ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። የጠላው ጥንስስ ጓዳውን ሞልቶታል፤ ሽታው እስከ በረንዳው ይመጣል። ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ አንቺም ደክሞሻል፣ በየቀኑ ስንቅ ማመላለስ አለ፣ ሸክሙን ላቅልልሽ ብዬ ነው፣ ጽዋውን ለጊዜው...

"ምን ልታደርገው?" አለች።

"ልወስደው።"

መደርደሪያው ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ አየች። ከዚያ እኔን አየች። "ባሌን ወሰዱት። አንተ ደግሞ ሚካኤልን ልትወስድብኝ መጣህ?"

እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልደነገጥሁም። ሽማግሌው ሰምተው እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ፤ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ተቀመጥ አላለችኝም፤ እኔም አልሄድኩም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ትናንት አግኝቼው ነበር" አለችኝ። "አዳራሽ ውስጥ ቃለ ሕይወት ያለው ማን ነው እያሉ ይጠይቁታል። ከእሱ ጥያቄ ይልቅ የዚያ ሰውዬ ነገር አናዷቸዋል። አድማ ነው ይላሉ።"

"ምን አላቸው?"

"አዳራሹ ሁሉ ነው ያለው፣ አላቸው።"

እኔ መሆኔን ታውቅ እንደሆነ ከፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም። ጽዋውን ሳልነካ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ፣ አዳራሹ ሁሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እያልኩ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር የሚያስረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የሚካኤል ቀን እሑድ ዋለ። ጠዋት ሚስቴ ጋቢዬን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀምጣልኛለች። ትሄዳለህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። በሩን ስከፍት ብቻ "ዋናውን መንገድ ይዘህ ሂድ፤ በጓሮ አትሂድ። በጓሮ ከሄድክ ነው ሌባ የምትመስለው" አለች። በዋናው መንገድ ሄድኩ። ከወዳጄ ቤት ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ስልኩን ይነካካል። ሰላም ብያቸው አለፍኩ። ለምን ሰላም እንዳልኳቸው አላውቅም። ፍርሃት ሰው ትሑት ያደርጋል።

አባታችን ቀድመውኝ መጥተዋል። ጠበቅን። አንድ መጣ፤ ቆይቶ ሁለት መጡ። እንደገና ሌላ ሁለት። በየመሀሉ የበሩ ቆርቆሮ በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁላችንም ወደዚያው እናያለን። ቁርጥማት የያዘው ሰውዬ በምርኩዝ መጣና አስለቀሰኝ፤ ለካ ቁርጥማቱ እውነት ነበር። ከእኔ ጋር ስድስት ሆንን። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን እንደ ሥርዓቱ ለዐሥራ አራት ቆረሱት። ስድስታችን ድርሻችንን አነሣን። መሶቡ ላይ የቀረው ዳቦ ብዛቱ ዐይን ይወጋል። ሽማግሌው ይህን ያዩ ነበር።

"ምነው ጥቂት ሆናችሁ ልጆቼ?" አሉ።

"የታመመ አለ፤ መንገድ የሄደም አለ፣ አያ" አልኩ።

"እንዲያው ልጄ ምን ሠርቶ ነው? ሰው ገደለ?"

"ኧረ የለም።"

"ሰረቀ?"

"የለም፣ አያ። ስብሰባ ላይ ጠየቀ።"

"ምን ብሎ?"

"አንድ የታሰረ ሰው ነበር። ሰውዬው የት ነው ብሎ ጠየቀ።"

ሽማግሌው የያዙትን ዋንጫ መሬት አስቀመጡ። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ እንዲያውም ደጋ ላይ ከተራራ ተራራ እንደሚጣራ ሰው ከፍ አድርገው፣ "ሰውየውሳ ታዲያ የታለ?" አሉ።

ስድስታችንም ማላመጥ አቆምን። በሩ ክፍት ነበር። ከማዶ ያሉት ልጆች የሰሙ ይመስለኛል። አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው "እግዜር ያውቃል" አሉ። ሽማግሌው "እሱማ ያውቃል፤ እኔ የምለው ሹሞቹ አያውቁም ወይ?" አሉ። ልጃቸው አነጋገሩን ከየት እንዳመጣው ያን ቀን ገባኝ።

ሲያበቃ አባታችን ጽዋውን ከነቀይ ጨርቁ አነሡና እንደ ልማዱ "ተራው የማን ነው?" አሉ። የሚቀጥለው ባለ ተራ፣ ያ ፈራሁ ብሎ የነገረኝ ሰው፣ አልመጣም። አባታችን ጽዋውን እንደያዙ ዙሪያውን አዩ። ሁላችንም ወለሉን አየን። ይህን የወለል ማየት የት እንደማውቀው አውቃለሁ። "እንግዲህ ይቆይ፤ ሙሴው ይምከርበት" ብለው መልሰው አስቀመጡት።

የቀረ ሰው ድርሻ ይላካል ብያለሁ። የወዳጄን ድርሻ ማድረስ የሙሴው ነው፤ ሚስቱ እንግዳ ትታ አትወጣም። አንዱን ቁራሽ በጨርቅ ስትጠቀልል "የሌሎቹንስ?" አልኳት። "የቀሩትን ቤታቸው ላድርስላቸው?"

"ተው እባክህ" አለች። "ዳቦው ይመሰክርብናል ብለው ይፈራሉ። እዚያ ጠያቂ የሌለው ብዙ ነው፤ ለእነሱ ይሁን።" ስምንቱንም ቁራሽ በአንድ ጨርቅ አሰረችና ሰጠችኝ።

እስረኞቹ ያሉበት ግቢ በር ላይ አንድ ፖሊስ ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ አለ። ይህን ነበር የፈራሁት። መዝገብ የኔ እንጀራ ነው፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ሹም ይሻራል፣ ሰው ይረሳል፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሲፈለግ ይገኛል። ስንት ሰው በኔው እጅ ከመደርደሪያ ወርዶ ተጠይቋል። ፖሊሱ ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ ስልኬን ጠየቀ። ነገርኩት። እጁ ሲጽፍ ዐየሁት፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው።

"ምኑ ነህ?"

"ጎረቤት" ልል አፌን ከፈትኩ። "ወንድሙ" አልኩ።

"በእናት ነው በአባት?"

"በጽዋ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ልጅ ነው፤ እሱም የደጋ ሰው ይመስላል። ሊስቅም ሊቆጣም ፈልጎ ሁለቱንም ተወና "ወንድም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጨርቁን አስፈትቶ "ቅመስ" አለኝ። የሚገባ ምግብ ሁሉ አምጪው ይቀምሰዋል፤ ደንብ ነው። ከአንዱ ጫፍ ቆርሼ በላሁ። እሱም እስክውጥ በትዕግሥት ጠበቀ።

ወዳጄ ከሽቦው ማዶ መጣ። በእኛና በእነሱ መሀል ሁለት ክንድ ያህል ክፍት ቦታ አለ፤ መጮህ ግድ ነው፤ ሁሉም ጠያቂ ይጮሃል። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ያው ያ ኮት ነው የለበሰው፣ ጫፉን የጎተትኩት። ከታሰረ ጀምሮ ለምን እንዳልመጣሁ አልጠየቀኝም።

"አባቴ ደረሰ?"

"ደርሰዋል። ደህና ናቸው። ጠላው ለጉድ ነው።"

"ማኅበሩ ተጠጣ?"

"ተጠጣ።"

ሽቦውን ያዘ። "ስንት ሆናችሁ?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፊቱን ሳይ አቃተኝ። "ሁላችንም" አልኩ።

ፖሊሱ ጥቅሉን አሻገረለት። ወዳጄ ጨርቁን ፈታ። የአንድ ሰው ድርሻ አንድ ቁራሽ መሆኑን ከኔ አስበልጦ ያውቃል። ስምንቱን ቁራሽ አየ። ጣቱን በላያቸው ላይ አንድ በአንድ ሲያሳልፍ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዐየሁ። ከጀርባው ሌሎች እስረኞች ቀረብ ብለው ቆመዋል። ቀና ሲል ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉ ግን እንደዚያን ቀን፣ ከአዳራሹ ስንወጣ እንደሆነው፣ ሊስቅ ሆነ። አንዷን ለራሱ አስቀረና ሰባቱን ወደ ኋላው አቀበለ። ሰዎቹ አማተቡና ተካፈሉት።

"ሰዓት ሞልቷል" አለ ፖሊሱ።

ወዳጄ ዞረ። ጥቂት ተራመደና መለስ ብሎ በሁሉም ጩኸት መሀል፣ "ተራው የማን ነው?" አለኝ።

ባለ ተራውን ያውቀዋል። የኔ ተራ ገና አምስት ወር ይቀረው እንደነበርም ያውቃል። ፖሊሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መዝገቡ ተከፍቶ ስሜ የመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፏል። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ አሁን ይህን ስጽፍም አለ።

"የኔ ነው!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ፖሊሱ ቀና አለ።

"የምኑ ተራ ነው?" አለኝ።

"የጽዋ" አልኩት። "በሚቀጥለው ዐሥራ ሁለት፣ አዘዞ፣ እኔ ቤት። አድራሻው ያው እዚያ ጽፈኸዋል።"

ከዚያ ወጥቼ በዋናው መንገድ ወደ ወዳጄ ቤት ተመለስኩ። ልጆቹ አሁንም ደረጃው ላይ ናቸው። አባታችን ሄደዋል፤ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ናቸው፤ ሚስቱ ዋንጫ ታጥባለች። በሩ ላይ ቆሜ ጽዋውን ልወስድ መምጣቴን ነገርኳት። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከመደርደሪያው አወረደችው፤ ቀዩን ጨርቅ አስተካከለችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።